ከሱሉልታ ሜዳ እስከ ፍኖተ ሐሊብ እምብርት

መስከረም 16 ቀን ማታ፣ የደመራው እሳት በርዶ ሕዝቡ ወደየቤቱ በሚበተንበት ሰዓት፣ ከሱሉልታ ሜዳ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ እንጦጦ የመለሰ ሰው፣ ደመና ካልጋረደው በቀር፣ ሳያውቀው ወደ አንድ ታላቅ ስፍራ ይመለከታል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ ከደቡብ ጥቂት ወደ ምዕራብ ዘንበል ባለው ሰማይ፣ ከአድማስ እስከ አናታችን ባለው መንገድ እኩሌታ ላይ፣ አበው በከዋክብት ቆጠራቸው «ቀውስ» ብለው የሰየሙት ክፍል ይገኛል። በዚያ አቅጣጫ፣ ከ26 ሺህ የብርሃን ዓመት በላይ ርቆ፣ ፀሐይና ምድራችን የሚዞሩበት የፍኖተ ሐሊብ መካከል አለ።

ይህ ጸሐፊ በአንድ የመስቀል ዋዜማ እንዲሁ ቆሞ ለታናናሾቹ በጣቱ እየጠቆመ ሲያስረዳ፣ አንድ ሸምገል ያሉ ጎረቤት ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው በሰማይ የምትፈልገው?» ሲሉ ጠየቁት። «አባባ፣ የጠፋስ ነገር የለም፤ በዚያ በኩል የከዋክብቱ ሁሉ እምብርት አለ ብዬ ነው» ቢላቸው፣ ጥቂት አሰብ አደረጉና፣ «እምብርት ካለው እንግዲህ እናትም ነበረችው ማለት ነዋ! እናቱስ ማን ናት?» አሉ። ልጆቹ ሣቁ። ነገር ግን ጥያቄው የሚያስቅ አይደለም። ዛሬ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የሚከራከሩበት ትልቅ ጥያቄ ከዚሁ ጋር አንድ ነውና ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ጥቁር ጉድጓድ አስደናቂነት ለመተረክ ብቻ የተሰናዳ አይደለም። የጋላክሲዎች መካከል የሚባለው ይህ ሩቅ ነገር የአገራችንን መሬት ከመለካትና የስምጥ ሸለቆን እንቅስቃሴ ከመከታተል ጋር ግንኙነት አለው። ከሱሉልታ ጋርም ግንኙነት አለው። ይህን ጉዳይ ዛሬ በትምህርት ገበታ ላይ ያሉና በቅርቡ በመንግሥት ሥራ የተሰማሩ ወጣቶች ሊያውቁት ይገባል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የመካከሉ አሠራር

ፍኖተ ሐሊብ፣ ማለት የወተት መንገድ፣ ከመቶ ቢሊዮን የማያንሱ ከዋክብት የተሰበሰቡበት ጋላክሲ ነው። ወርዱ ወደ 100 ሺህ የብርሃን ዓመት ይገመታል፤ የብርሃን ዓመት ማለትም ብርሃን በየሰከንዱ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር እየተጓዘ በአንድ ዓመት የሚያቋርጠው ርቀት ነው። ቅርጹን በምሳሌ ለመረዳት የፈለገ ሰው፣ መካከሉ ላይ ወጥ የተቆለለበት ሰፊ እንጀራ ያስብ። እኛ የምንኖረው በወጡና በእንጀራው ዳር መካከል ነው። ፀሐይ ቤተሰቧን ይዛ ይህን መካከል አንድ ጊዜ ለመዞር 230 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅባታል።

ወደ መካከሉ በቀረብን መጠን ከዋክብቱ እየበዙና እየተጠጋጉ ይሄዳሉ። በመጀመሪያ እንደ አሞሌ ጨው ረዘም ብሎ ያበጠ የከዋክብት ክምር ይገኛል። ከዚያ ውስጥ ብዙ ጋዝ የተጠራቀመበት ክልል አለ፤ ከእርሱም ውስጥ እጅግ የታጨቀ የከዋክብት መንጋ ይገኛል። በእኛ ሰፈር ለፀሐይ ጎረቤት የሆነችው ኮከብ ከ4 የብርሃን ዓመት በላይ ትርቃለች። በዚያ ግን ከመካከሉ ነጥብ ዙሪያ በ3 የብርሃን ዓመት ክልል ውስጥ ብቻ፣ የክብደታቸው ድምር ወደ ሚሊዮን ፀሐይ የሚጠጋ ከዋክብት ተከማችተዋል። በዚህ ሁሉ መካከል ክብደቱ 4 ሚሊዮን ፀሐይ የሚያህል፣ ከስበቱ ጽናት የተነሣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ጥቁር ጉድጓድ ተቀምጧል። ወርዱ 24 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለፀሐይ ከሁሉ የምትቀርበው ፕላኔት አጣርድ በምትዞርበት ክበብ ውስጥ በሰፊው ይገባል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ጥቁር ጉድጓዱ ጋላክሲውን በሙሉ ጎትቶ የያዘ፣ ያገኘውንም ሁሉ የሚውጥ አውሬ ይመስለዋል። 4 ሚሊዮን ፀሐይ ግን ከፍኖተ ሐሊብ ጠቅላላ ክብደት ጋር ሲነጻጸር ከቁና እህል አንዲት ፍሬ እንደ ማለት ነው። ፀሐይን የሚያዞራት የዚያ የአንዱ ስበት ሳይሆን በውስጥ በኩል ያለው የከዋክብት፣ የጋዝና የማይታየው ቁስ ስበት በአንድነት ነው። አንድ ሹም በመካከል ስለ ተቀመጠ ብቻ አገሩን ሁሉ እርሱ ተሸክሞታል እንደማይባል፣ የጥቁር ጉድጓዱም ነገር እንዲሁ ነው።

ዐይን ሳያይ እንዴት ታወቀ?

ከእኛና ከመካከሉ መካከል ብዙ አቧራ ተንሳፍፏል። ከዚያ ከሚነሣው ዐይን ሊያየው ከሚችል ብርሃን ወደ እኛ የሚደርሰው ከአንድ ሚሊዮን ሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን በሐምሌ ጧት እንጦጦ በጉም ተሸፍኖ ሳለ በቤታችን ያለው ራዲዮ እንደሚሰማ ሁሉ፣ የራዲዮ ሞገድና ከቀይ ብርሃን በታች የሆነው የሙቀት ጨረር ያንን አቧራ አልፈው ይመጣሉ።

የመጀመሪያውን ድምፅ የሰማው በስልክ ኩባንያ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረ ካርል ጃንስኪ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት መሐንዲስ ነው። የተሰጠው ሥራ የራዲዮ ስልክን የሚያውከውን ጫጫታ ምንጭ መፈለግ ነበር። ከጫጫታው አንዱ ከምድር ሳይሆን ከቀውስ አቅጣጫ የሚመጣ መሆኑን በ1925 ዓ.ም. አስታወቀ። ከዚያም ብሩስ ባሊክና ሮበርት ብራውን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ራዲዮው የሚነሣበትን ትንሽ ነጥብ ለይተው አገኙ። ጊዜው የካቲት 1966 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ወር በአገራችን የሆነውን የማያውቅ አንባቢ የለም፤ የሰው ሁሉ ሐሳብ በምድር ጉዳይ ተይዞ ሳለ የሰማዩ እምብርት ታወቀ ማለት ነው።

ነጥቡ ጥቁር ጉድጓድ ስለ መሆኑ የቀረበው ምስክር ግን ትዕግሥት የጠየቀ ነበር። ራይንሃርድ ጌንዘል ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ከቺሌ ተራሮች፣ አንድሪያ ጌዝ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ከሐዋይ ተራራ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የሥራ ጓዶች ይዘው፣ በመካከሉ አጠገብ ያሉትን ከዋክብት በየዓመቱ ፎቶግራፍ ማንሣት ቀጠሉ። ከከዋክብቱ አንዷ ኤስ 2 የምትባለው ናት። ባዶ በሚመስል ስፍራ ዙሪያ በ16 ዓመት አንድ ጊዜ ትዞራለች። በ1994 ዓ.ም. እና በ2010 ዓ.ም. ወደዚያ ስፍራ እጅግ ስትቀርብ ፍጥነቷ በሰከንድ ከ7 ሺህ 600 ኪሎ ሜትር በላይ ደረሰ፤ በዚህ ፍጥነት ከአዲስ አበባ ለንደን ለመድረስ አንድ ሰከንድ አይሞላም። ያን ያህል የምታስሮጥ የማትታይ ክብደት ምን ልትሆን እንደምትችል በስሌት ቢመረመር፣ ከጥቁር ጉድጓድ በቀር የሚመጥን መልስ አልተገኘም። ሁለቱ ሊቃውንት፣ ጥቁር ጉድጓድ ከአንስታይን ትምህርት የግድ የሚመነጭ መሆኑን በሒሳብ ካስረዱት ከሮጀር ፔንሮዝ ጋር፣ በ2013 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ከዚህ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንወዳለን። የኮከቧ ዙር 16 ዓመት ነው፤ የበጀት ዓመት ግን 12 ወር ነው። በየሰኔው «ምን ውጤት ተገኘ?» ተብሎ ውጤት ባለመገኘቱ ሥራው ቢዘጋ ኖሮ፣ ዛሬ ይህን ዕውቀት ባላገኘን ነበር።

የቴሌስኮፖች ደቦ

ከሚያዝያ 2 ቀን 2011 ዓ.ም. በፊት የጥቁር ጉድጓድን ምስል ያየ ሰው አልነበረም። በዚያን ቀን ከእኛ 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቀው ኤም 87 የተባለ ጋላክሲ መካከል ለሕዝብ ታየ፤ ክብደቱ 6 ቢሊዮን ተኩል ፀሐይ ነው። ግንቦት 4 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ የእኛው ፍኖተ ሐሊብ ምስል ወጣ። ሁለቱም በእሳት ቀለበት የተከበበ ጥላ ይመስላሉ። ከምድር ሲታይ የእኛው ቀለበት ስፋት በጨረቃ ላይ ከተቀመጠች ብርቱካን አይበልጥም።

ያን ያህል አጥርቶ ለማየት የምድርን ስፋት የሚያህል መሣሪያ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ሊሠራ ስለማይችል፣ ሊቃውንቱ እኛ ገበሬዎቻችን እህል ሲደርስ የሚያደርጉትን አደረጉ፤ ደቦ ጠሩ። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በሐዋይ፣ በአሪዞና፣ በሜክሲኮ፣ በቺሌ፣ በስፔንና በደቡብ ዋልታ በሚገኙ ስድስት ስፍራዎች የተተከሉ ስምንት ቴሌስኮፖች በአንድ ሰዓት፣ ወደ አንድ ነጥብ ዞሩ። እያንዳንዱ የሰማውን ከጥንቃቄ ሰዓት ጋር መዘገበ። መዝገቡ ከብዛቱ የተነሣ በኢንተርኔት ሊላክ ስላልተቻለ ዲስኮቹ በአውሮፕላን ተጓዙ። የደቡብ ዋልታዎቹም የዚያ አገር ክረምት እስኪያልፍና አውሮፕላን እስኪያርፍ ወራት ጠበቁ። ከዚያ በኋላ መዝገቦቹ በአንድነት ተገጣጥመው ምስሉ ወጣ። የእኛው ጥቁር ጉድጓድ ትንሽ በመሆኑ በዙሪያው ያለው ጋዝ በደቂቃዎች ስለሚዞር፣ ፎቶግራፉ አንድ ቦታ ተቀምጦ እንደማይረጋ ሕፃን ፎቶግራፍ አስቸግሮ አምስት ዓመት ፈጀ።

የስፍራዎቹን ስም መልሶ ያነበበ ሰው፣ በዚያ ደቦ ላይ ከአፍሪካ የተጠራ ቴሌስኮፕ አለመኖሩን ያስተውላል። አፍሪካ ግን ስለ ፍኖተ ሐሊብ መካከል ዝም አላለችም። በደቡብ አፍሪካ የካሩ ምድረ በዳ ሐምሌ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. የተመረቀው ሚርካት የተባለው የ64 ሳህኖች ቴሌስኮፕ፣ ከመካከሉ ወደ ላይና ወደ ታች የተነፉ በድምሩ 1 ሺህ 400 የብርሃን ዓመት ያህል የሚረዝሙ የራዲዮ አረፋዎችን አግኝቷል። ጥንት በዚያ ስፍራ ኃይለኛ ፍንዳታ ሳይደረግ እንዳልቀረ አረፋዎቹ ያመለክታሉ።

እናቱ ማን ናት?

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። በ1955 ዓ.ም. ማርተን ሽሚት አንድ ኮከብ የሚመስል ነገር መርምረው፣ ከቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ርቆ ሳለ ከሙሉ ጋላክሲ የበለጠ የሚያበራ መሆኑን አሳዩ። እነዚህ ኳሳር የተባሉት ብርሃኖች በጋላክሲ መካከል ያሉ ጥቁር ጉድጓዶች ጋዝ ሲመገቡ የሚነሡ ናቸው። ጋዙ ሳይዋጥ በፊት እየተሽከረከረ እጅግ ይግላል፤ ከፊሉም እንደ ፍላጻ በሁለት አቅጣጫ ይወረወራል። የእኛው ጥቁር ጉድጓድ ዛሬ የሚበላው ጥቂት ስለሆነ የደበዘዘ ነው፤ ጾመኛ ቢባል ይገባዋል።

በኋላ እንደ ታወቀው፣ የጋላክሲው ያበጠ መካከል በከበደ መጠን ጥቁር ጉድጓዱም ይከብዳል፤ ሁለቱ በልክ የተመጣጠኑ ናቸው። እንግዲያስ ማን ማንን ወለደ? ጋላክሲው አድጎ ጥቁር ጉድጓዱን አሳደገውን? ወይስ ጥቁር ጉድጓዱ ቀድሞ ጋላክሲው በዙሪያው ተሰበሰበ? ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በኅዋ ያለው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ፣ ዓለም ገና ከቢሊዮን ዓመት ዕድሜ በታች በነበረችበት ጊዜ የነበሩ፣ ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው በላይ የከበዱ የሚመስሉ ጥቁር ጉድጓዶችን በማሳየቱ ክርክሩ እንደ አዲስ ተነሥቷል። በዚህ መስክ ከሚመራመሩት መካከል እዚሁ በአዲስ አበባ ብዙ የሠሩና ለአፍሪካ ወጣቶች ትምህርት በመድከማቸው በዓለም የተሸለሙት የሰርብያ ተወላጅ ዶክተር ሚርያና ፖቪች ይገኙበታል። ጉዳዩ ለእኛ ባዕድ አይደለም ማለት ነው።

የምድር ችካሎች

አንዳንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ውኃና መብራት ያልተሟላለት አገር ከጥቁር ጉድጓድ ምን ያተርፋል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው።

መሬት የሚለካ ቀያሽ በመጀመሪያ የማይነቃነቅ ችካል ይሻል። አንድ ማሳ ሲለካ ችካሉ ከድንጋይ ሊሆን ይችላል። ምድርን በሙሉ ለመለካት ግን በምድር ላይ የማይነቃነቅ ነገር የለም፤ አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ፣ ምድርም በዙረቷ አንዳንድ ጊዜ ትፈጥናለች፣ አንዳንድ ጊዜ ትዘገያለች። ስለዚህ ሊቃውንት ችካላቸውን የተከሉት እጅግ ሩቅ በመሆናቸው ከቦታቸው የሚንቀሳቀሱ በማይመስሉት ኳሳሮች ላይ ነው። ዛሬ ዓለም አቀፉ የሰማይ መለኪያ ከ4 ሺህ 500 በሚበልጡ እንዲህ ባሉ ነጥቦች ላይ ቆሟል። የምድርን ዙረት ከኅዋ አንጻር በትክክል የሚለካው እነርሱን የሚያዳምጠው የራዲዮ ቴሌስኮፖች ደቦ ነው። በስልካችን መንገድ የሚያመለክቱን ሳተላይቶችም ያለዚህ ልክ ቦታቸውን ሊያውቁ አይችሉም። ስለዚህ በሱሉልታ መንገድ በስልኩ ካርታ የሚነዳ ሾፌር፣ ሳያውቀው በሩቅ ጋላክሲዎች መካከል ባሉ ጥቁር ጉድጓዶች እየተመራ ነው።

ለኢትዮጵያ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይበልጣል። አገራችን በስምጥ ሸለቆ በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር እየተከፈለች ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት ተሰንጥቆ በቦታው እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአካባቢው የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ሲያፈናቅል፣ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ የተቀመጠ ሕዝብ ስለ ልክ ግድ የለኝም ሊል አይችልም።

ሱሉልታ ለምን ተጠራች?

ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ የምትገኘው፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ውስጥ የተጠቃለለችው ሱሉልታ፣ በሯጮች መለማመጃነቷ ትታወቃለች። ቀደም ሲል ግን የስልካችንና የቴሌቪዥናችን በር ነበረች፤ ከውጭው ዓለም ጋር በሳተላይት የሚያገናኘው የመሬት ጣቢያ የተተከለው በዚያ ነውና።

በባሕር ሥር የተዘረጉ የፋይበር ገመዶች አፍሪካን ከዓለም ሲያገናኙ፣ ወርዳቸው 30 ሜትር ገደማ የሆኑት የቀድሞዎቹ የሳተላይት ሳህኖች በየአገሩ ሥራ እየፈቱ ሄዱ። የደቡብ አፍሪካው ማይክል ጌይላርድና ጓደኞቻቸው በ2003 ዓ.ም. ገደማ ባቀረቡት ጥናት፣ ከእነዚህ ወደ ራዲዮ ቴሌስኮፕነት ሊለወጡ የሚችሉትን በየአገሩ ዘረዘሩ። በዝርዝሩ ውስጥ በኢትዮጵያ አንጻር የተጻፈው ስም ሱሉልታ ነው። ምክንያቱም የአውሮፓ ቴሌስኮፖች በሰሜን፣ የደቡብ አፍሪካው ሐርተቤስትሁክ በደቡብ ሲሆኑ በመካከላቸው ሰፊ ባዶ ስፍራ አለ፤ በደቦ መካከል ክፍት ቦታ ሲኖር ሥራው ይጎድላል።

ነገሩ ሕልም ብቻ አለመሆኑን ጎረቤቶች አስመስክረዋል። ሐርተቤስትሁክ ራሱ ናሳ የኅዋ መንኮራኩሮችን ይከታተልበት የነበረና በኋላ ለሥነ ፈለክ የተላለፈ ሳህን ነው። ኒው ዚላንድ በዋርክዎርዝ እንዲሁ አድርጋለች። ጋናም ኩንቱንሴ ያለውን የ32 ሜትር ሳህን ለውጣ ነሐሴ 18 ቀን 2009 ዓ.ም. መርቃለች።

ሐሰተኛ ተስፋ መስጠት ግን አይገባም። እንዲህ ያለ ሳህን የተሠራው በሴንቲ ሜትር ለሚለካ ሞገድ ነው፤ የጥቁር ጉድጓዱ ጥላ የታየው ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ሞገድ ነው። በሴንቲ ሜትር ሞገድ የፍኖተ ሐሊብ መካከል በመንገዱ ባለው ጋዝ ይደበዝዛል። ስለዚህ ከሱሉልታ ሳህን የዚያን ጥላ ምስል የሚጠብቅ ሰው ያፍራል። የኳሳሮችን ፍላጻ ለመከታተል፣ አዳዲስ ከዋክብት የሚወለዱባቸውን ስፍራዎች ርቀት ለመለካት፣ ከሁሉም በላይ የምድርን ልክ ለመያዝና ወጣት መሐንዲሶችን ለማሠልጠን ግን ይበቃል።

ምን ይደረግ?

የሚጠይቀው ወጪ አለ፤ እጅግ የቀዘቀዘ መቀበያ፣ በሚሊዮን ዓመት አንዲት ሰከንድ የማይስት ሰዓት፣ የጠነከረ የኢንተርኔት መስመር ያስፈልጋል። ከብረቱ ይልቅ ግን የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ይኸውም ጽናት ነው።

በእንጦጦ ጫፍ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ 200 ሜትር ላይ፣ ስፋታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ቆመዋል። ይህም በ1996 ዓ.ም. ጥቂት ሰዎች ማኅበር አቋቁመው የጀመሩት ሥራ ፍሬ ነው። ነገር ግን የከተማው መብራት ሲበዛ ከዋክብት ስለሚደበዝዙ፣ ሊቃውንቱ በላሊበላ አካባቢ ካለው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ሌላ ስፍራ ወደ መመርመር ሄደዋል። መብራት ለዐይን ቴሌስኮፕ ጠላት እንደ ሆነ ሁሉ፣ የስልክ ምሰሶና ሥርዓት የሌለው የራዲዮ ማስተላለፊያ ለሳህን ጠላት ነው። ሱሉልታም በየዓመቱ እየሰፋች የምትሄድ ከተማ ናት።

ስለዚህ ጉዳዩ የሊቃውንት ብቻ አይደለም። የከተማ ፕላን የሚያወጣው ወጣት፣ በሳህኑ ዙሪያ ያለው መሬት ለምን ክፍት ሊቀመጥ እንደሚገባው ይወቅ። በኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሞገድ ፈቃድ የሚያዘጋጀው ወጣት፣ ከሰማይ የሚመጣው ደካማ ድምፅ ጠበቃ የሌለው መሆኑን ያስብ። በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ያለው ወጣት፣ የከዋክብት ጥናትና የካርታ ሥራ በአንድ ጣሪያ ሥር የተቀመጡት በአጋጣሚ እንዳይመስለው፤ ችካላቸው አንድ ነውና። የበጀት ሠንጠረዥ የሚያሰናዳው ወጣትም የኤስ 2ን 16 ዓመት ያስታውስ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌላ የመስቀል ዋዜማ፣ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ሌላ ወጣት ወደ ቀውስ እየጠቆመ ልጆች ያስተምር ይሆናል። ያን ጊዜ ሽማግሌው ጎረቤታችን «እናቱ ማን ናት?» ብለው ቢጠይቁት፣ መልሱን ከባዕድ ጋዜጣ አንብቦ ከመንገር ይልቅ፣ «አባባ፣ እኛም ከሚጠይቁት አንዶቹ ነን፤ ያው ሳህናችን» ብሎ ሊያሳያቸው ቢችል፣ ለዚህ ጸሐፊና ለአንባቢዎቹ ትውልድ ይህ ትንሽ ክብር አይሆንም።